ባርለ-ናሳው፦ ስለ ትንሿ ከተማ ድንበር የሚባለውና እውነታው

በደቡባዊ ኔዘርላንድስ፣ በሰሜን ብራባንት ክፍለ ሀገር፣ ወደ 7 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ባርለ-ናሳው የምትባል ትንሽ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር አለች። ስሟ ከስፋቷ በላይ የተሰማው ከቤልጅየሟ ጎረቤት ከባርለ-ሄርቶግ ጋር በሚያለያያት ድንበር ምክንያት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ በእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ላይ በነጭ የተሠሩትን የመስቀል ምልክቶች ያያል፤ ከምልክቱ በአንዱ ወገን የኔዘርላንድስ፣ በሌላው ወገን የቤልጅየም መለያ ፊደል ተጽፏል። እግሩን አንፈራጦ በሁለት አገር ቆሞ ፎቶ ይነሣና ስለ ቦታው የሰማውን ይዞ ይመለሳል። የሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ይህ ድንበር ከ800 ዓመታት በላይ የሰዎችን የመሬት መብት ይዞ የኖረ ሰነድ ስለሆነ እንደ መዝናኛ ብቻ መወራቱ ያሳዝነኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከተማዋን አንድ መስመር መሐል ለመሐል ሰንጥቋታል» የሚለው አባባል በጣም የተለመደ ነው። በባርለ ግን ድንበሩ አንድ መስመር ሳይሆን በየቦታው የተበታተኑ ቅርጾች ዙሪያ ነው። ባርለ-ሄርቶግ ከቤልጅየም ተነጥለው በኔዘርላንድስ መሬት የተከበቡ 22 ይዞታዎች አሏት። በእነዚህ ይዞታዎች ውስጥ ደግሞ ተመልሰው የኔዘርላንድስ የሆኑ 7 ቁራሽ መሬቶች ይገኛሉ፤ ስምንተኛው የኔዘርላንድስ ቁራሽ በዋናው የቤልጅየም ግዛት ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ከይዞታዎቹ ትልቁ 1.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ከአንድ እርሻ ማሳ አይበልጡም።

ካርታውን ያየ ሰው «ይህንን ያሰመረው ሰካራም መሆን አለበት» ማለቱ አይቀርም። ድንበሩን ግን ከመነሻው ያሰመረው ሰው የለም። ነገሩ የተጀመረው በ1198 ነው። በዚያ ዓመት የብራባንት መስፍን ሄንድሪክ 1ኛ በአቅራቢያው ካለችው ከብሬዳ ከተማ ጌታ ከጎትፍሪድ ጋር ስምምነት አደረገና በባርለ አካባቢ ያለውን መሬት በጉልት መልክ ሰጠው። ሁሉንም ግን አልሰጠውም። ሰው የሰፈረባቸውንና የሚታረሱትን መሬቶች፣ ነዋሪዎቻቸው አስቀድመው የመስፍኑ ገባሮች ስለነበሩ፣ ለራሱ አስቀረ፤ ለብሬዳው ጌታ የደረሰው በዋነኛነት ጠፍ የነበረው መሬት ነው። ርስትና ጉልት ምን ማለት እንደነበረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የተከፋፈለው ግዛት ሳይሆን ማን ለማን ይገብራል የሚለው ነበር፤ ገባሩ ደግሞ የሚኖረው ለም መሬት ባገኘበት ቦታ ሁሉ ተበታትኖ ነው። የዛሬው የተበታተነ ካርታም የመጣው ከዚህ አሰፋፈር ነው።

የሁለቱ ስሞች ትርጉምም ይህንኑ ያመለክታል። «ሄርቶግ» በደች ቋንቋ መስፍን ማለት በመሆኑ ባርለ-ሄርቶግ «የመስፍኑ ባርለ» ናት። «ናሳው» ደግሞ አንዳንዶች እንደሚገምቱት አካባቢው በጀርመን ሥር እንደነበረ አያሳይም፤ በ1403 መነሻው ከጀርመን የሆነው የናሳው መኳንንት ቤተሰብ አባል ኤንገልብሬክት የብሬዳን ወራሽ ዮሐና ቫን ፖላነንን ሲያገባ፣ የብሬዳ ጌትነት ከነባርለ ድርሻው ወደዚያ ቤተሰብ ስለተላለፈ የወጣ ስም ነው።

«ችግሩ የተፈጠረው ቤልጅየም በ1830 ከኔዘርላንድስ ስትገነጠል ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። መከፋፈሉ ከዚያ በፊት ነበር፤ በ1648 በተደረገው የሙንስተር ሰላም የብሬዳ ወገን በደች ሪፐብሊክ፣ የመስፍኑ ወገን በስፔን ይዞታ ሥር ሲቀር የጌቶች ወሰን የነበረው የመንግሥታት ወሰን ሆነ። ከ1830 በኋላ የተጨመረው ነገር ሁለቱ ዘመናዊ መንግሥታት ድንበራቸውን በጽሑፍ ለማስፈር መገደዳቸው ነው። በ1843 በማስትሪክት ሲዋዋሉ ተደራዳሪዎቹ ባርለ ላይ ሲደርሱ መስመር ማስመሩን ተዉት፤ በ214ኛውና በ215ኛው የድንበር ምልክቶች መካከል ያለውን ክፍት አድርገው፣ 5,732 ቁራሽ መሬቶችን እያንዳንዱ የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ በዝርዝር መዘገቡ።

በዚህም ጉዳዩ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ራሱ ክርክር ወለደ። ሁለቱ አስተዳደሮች ከ1836 እስከ 1841 ባዘጋጁት የጋራ መዝገብ፣ በኔዘርላንድስ በኩል በተያዘው ቅጂ፣ 91 እና 92 ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት መሬቶች የባርለ-ናሳው ነበሩ፤ ከ1843ቱ ውል ጋር በተያያዘው ጽሑፍ ግን የቤልጅየም ሆነው ተገኙ። ኔዘርላንድስ ይህ የግልባጭ ስህተት ነው፣ ደግሞስ ከ1843 ጀምሮ መሬቶቹን ሳስተዳድር ኖሬያለሁ ስትል ተከራከረች። ሁለቱ አገሮች ጉዳዩን ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 20 ቀን 1959 በ10 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ለቤልጅየም ፈረደ። ስህተት መኖሩ አልተረጋገጠም፣ ኔዘርላንድስ የጠቀሰቻቸው የመዝገብና የአስተዳደር ተግባራትም የዕለት ተዕለት የአካባቢ ሥራ እንጂ በውል የተገኘን ሉዓላዊነት የሚሽሩ አይደሉም አለ። ጥቂት ማሳዎች በዚያ አዳራሽ በዚህ መልክ መመርመራቸው ሳነበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቀረው ድንበር በ1974 ስምምነት የተደረገበት ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተለክቶ የተጠናቀቀው በ1995 ነው።

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ጀርመን በቦታው የነበረውን የቤልጅየም መሬት ሁሉ እንደያዘች ይታሰባል። የባርለ-ሄርቶግ ይዞታዎች ግን በገለልተኛዋ ኔዘርላንድስ መሬት ስለተከበቡ የጀርመን ጦር የኔዘርላንድስን ገለልተኝነት ሳይጥስ ሊደርስባቸው አልቻለም። ጀርመኖች በ1915 ድንበሩን በኤሌክትሪክ በተሞላ ገዳይ ሽቦ ሲዘጉ፣ ከሽቦው ማዶ የቀረው የቤልጅየም ባርለ ነፃ ነበር፤ በዚያው ዓመትም የጀርመንን መልእክት የሚጠልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ተተከለበት። በ1940 ግን ኔዘርላንድስም በመወረሯ ያ ከለላ አልሠራም።

ከሁሉ ይልቅ ቤት ሠርተው የሚኖሩትን ሰዎች የሚመለከተው የበር ጉዳይ ነው። ቤቱ ድንበር ላይ ካረፈ ሰፊው ክፍል ያለበት አገር ይወስደዋል የሚሉ አሉ። በባርለ የሚሠራበት ደንብ ግን ዋናው በር የሚገኝበትን አገር ይከተላል፤ የቤቱ አድራሻና የሚገብርበት አስተዳደር በዚያ ይወሰናል። በቀድሞ ጊዜ ለራሳቸው የሚመቸውን አገር ለማግኘት በራቸውን ያዛወሩ ባለቤቶች ነበሩ። ሎቨረን በሚባለው ሰፈር ድንበሩ በራሱ በበሩ መሐል የሚያልፍበት አንድ ቤት አለ፤ እዚያ በሩ ላይ ሁለት የቤት ቁጥሮች ተለጥፈዋል፤ የኔዘርላንድሱ 19፣ የቤልጅየሙ 2 ነው። በሌሎች ቤቶችም የቁጥር ሰሌዳው ላይ የባንዲራውን ቀለም ማየት የተለመደ ነው።

በመጨረሻም «ሁለቱም አገሮች የሸንገን (በአባል አገሮች መካከል የድንበር ፍተሻን ያስቀረው የአውሮፓ ስምምነት) አባላት ስለሆኑ ድንበሩ ትርጉም የለውም» ይባላል። በእርግጥ የጉምሩክ ፍተሻው ከቀረ ቆይቷል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ አካባቢ ይካሄድ የነበረው የቅቤ ኮንትሮባንድም አብሮ ቀርቷል። ሕጉ ግን አሁንም ሁለት ነው። ሁለት ከንቲባዎችና ሁለት ምክር ቤቶች አሉ፤ በጋራ ጉዳዮች ላይ አብሮ የሚመክር አንድ የጋራ አካል ቢያቋቁሙም፣ አንዱ በሌላው ሕግ ላይ ሥልጣን የለውም። ኔዘርላንድስ ርችት ለሕዝብ እንዲሸጥ ስትፈቅድ የኖረችው በዓመቱ መጨረሻ ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ በቀሪው ጊዜ የሚፈልጉ ደቾች የባርለ-ሄርቶግን ሱቆች ያዘወትሩ ነበር። በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቤልጅየም አስፈላጊ ያልሆኑ ሱቆች እንዲዘጉ ስታዝ፣ ኔዘርላንድስ ግን ገና አልዘጋችም ነበር። በባርለ ድንበሩ በመሐሉ የሚያልፍ አንድ የልብስ ሱቅ በዚያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቴፕ ተዘረጋበት፤ በቤልጅየም በኩል ያለው ልብስ ተከልሎ ሲቀር፣ በኔዘርላንድስ በኩል ያለው ይሸጥ ነበር።