ከክላስ ዲያግራም ወደ ዳታቤዝ ንድፍ፦ በሐዋሳ የአሣ ርክክብ ምሳሌ

ክላስ ዲያግራም አንድ ሶፍትዌር የሚያውቃቸውን ነገሮች፣ የነገሮቹን መገለጫና እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና በሥዕል የሚያሳይ ንድፍ ነው። የዳታቤዝ ንድፍ ደግሞ መረጃቸው በምን ዓይነት ሠንጠረዥ፣ ዓምድና ረድፍ እንደሚቀመጥ ይወስናል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በከተማዋ የግል ኮሌጆች ለሚማሩ የኮምፒውተር ተማሪዎች ከአንደኛው ወደ ሌላኛው መሻገር በመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት የሚገጥማቸው ሥራ ነው።

ሁለቱ ንድፎች መነሻቸው አንድ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀት ሐሳቡን በኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ሳለ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከሒሳብ የስብስብ ንድፈ ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ፒተር ቼን ነገሮችንና ዝምድናቸውን የሚያሳየውን የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ሞዴልን በ1976 አስከተለ። ክላስ ዲያግራም የሚሣልበት የንድፍ ቋንቋ ዩኤምኤል ግን ከፕሮግራም አጻጻፍ ልምድ የመጣ ነው፤ በግሬዲ ቡች፣ በጄምስ ራምቦና በኢቫር ጃኮብሰን ሥራ ላይ ተመሥርቶ በ1997 መደበኛ ሆኖ ጸደቀ። ስለዚህ ሥዕሉን እንዳለ መገልበጥ አይበቃም። ሥዕሉ ዝም የሚልባቸው ጉዳዮች አሉ፤ ዳታቤዙ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ነው።

ጉዳዩን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የአሣ ገበያ በአሞራ ገደል እንየው። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚመለሱ ጀልባዎች ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ የተባሉ የአሣ ዓይነቶችን ያራግፋሉ። አንድ የአሣ አስጋሪዎች ማኅበር ርክክቡን በኮምፒውተር መመዝገብ ቢፈልግ፣ ዲያግራሙ አስጋሪ፣ ርክክብ፣ የአሣ ዓይነትና ገዢ የሚባሉ ክላሶች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ክላስ ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዱ መገለጫ ዓምድ፣ እያንዳንዱ አስጋሪ አንድ ረድፍ ይሆናል። ሜተዶች፣ ማለትም ክላሱ የሚያከናውናቸው ተግባራት፣ ወደ ሠንጠረዥ አይሻገሩም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ይቀራሉ። እንደ ጠቅላላ ክፍያ ያለ ከሌሎች ተሰልቶ የሚገኝ ቁጥርም በቂ ምክንያት ከሌለ አይቀመጥም።

ተማሪዎችን የሚያደናግረው የዝምድናው አቅጣጫ ነው። በፕሮግራም ውስጥ አስጋሪው የርክክቦቹን ዝርዝር ራሱ ሊይዝ ይችላል። በሠንጠረዥ ግን አንድ ሕዋስ አንድ ዋጋ ብቻ ስለሚይዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ርክክብ የአስጋሪውን መለያ በፎሪን ኪ፣ ማለትም ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ረድፍ በሚያመለክት ቁልፍ፣ ይይዛል። ቁልፉ የሚቀመጠው ሁልጊዜ «ብዙ» በሆነው ወገን ነው። ብዙ ለብዙ ሲሆን ግን ሁለቱም ወገን ሊይዘው አይችልም። በአንድ ርክክብ ቆሮሶም አምባዛም ሊኖር ይችላል፤ ቆሮሶም በብዙ ርክክቦች ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጊዜ «የርክክብ ዝርዝር» የሚባል ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይፈጠርና የሁለቱንም ቁልፍ ከክብደትና ከዋጋ ጋር ይይዛል።

ዋጋው እዚህ መቀመጡን ብዙ ጀማሪዎች እንደ ድግግሞሽ ቆጥረው በኖርማላይዜሽን (ሠንጠረዦችን ከድግግሞሽ በማጽዳት) ስም ወደ አሣ ዓይነት ሠንጠረዥ ይመልሱታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በዐቢይ ጾም የአሣ ፈላጊ ሲበዛ የኪሎው ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው በአሣ ዓይነቱ ላይ ብቻ ከተጻፈና ከተቀየረ ከጾሙ በፊት የተፈጸመ ርክክብ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ተሰልቶ ይወጣል፤ አስጋሪው የተቀበለው ገንዘብና መዝገቡም አይገናኙም። የዛሬው ዋጋና በዚያ ቀን የተከፈለው ዋጋ ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ናቸው።

ሌላው ሥዕሉ ዝም የሚልበት ጉዳይ ማንነት ነው። በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ውስጥ ሁለት አስጋሪዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም አይምታቱም፤ በሠንጠረዥ ግን ረድፍን ከረድፍ የሚለይ ፕራይመሪ ኪ ያስፈልጋል። ስም ለዚህ አይሆንም። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። የስልክ ቁጥርም ይቀየራል። ስለዚህ ሥርዓቱ ራሱ የሚሰጠው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሻላል። ከውጭ የተቀዳ ንድፍ ስምን በሁለት ዓምድ ሲከፍል እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ብለን ሦስት ዓምድ እንፈልጋለን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ስልክም በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጡ፤ በዲያግራሙ ላይ ቁጥር ተብለው ቢጻፉም ከፊታቸው ያለው ዜሮ በቁጥር ዓምድ ውስጥ ይጠፋል።

ቀንም እንዲሁ ነው። በዲያግራሙ ላይ «ቀን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የዳታቤዙ የቀን ዓይነት ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ቀን በቁጥሩ እንዳለ ቢገባ፣ ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30 አይመዘገብም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር በመሆኗ ቦታ የላትም። ቀኑን ቀይሮ ማስቀመጥና ለተጠቃሚው ሲታይ መልሶ መቀየር ይገባል።

ውርስ፣ ማለትም አንድ ክላስ (ልጅ) የሌላውን ክላስ (ወላጅ) መገለጫዎች መውሰዱ፣ በሠንጠረዥ ቀጥተኛ አቻ የለውም። ገዢ የሚለው ክላስ ወደ ሆቴልና ወደ ግለሰብ ቢከፈል፣ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ መያዝ፣ ለወላጁና ለልጆቹ የየራሳቸውን መስጠት፣ ወይም ለልጆቹ ብቻ መስጠት ይቻላል። ልዩነታቸው ሁለትና ሦስት ዓምድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ባዶ የሚቀሩ ዓምዶች ከበዙ ሁለተኛው ይመረጣል።

ስረዛም ውሳኔ ይጠይቃል። በዩኤምኤል ጥቁር አልማዝ ያለበት መስመር ክፍሉ ያለ ባለቤቱ እንደማይኖር ይናገራል፤ ስለዚህ ርክክብ ሲሰረዝ ዝርዝሩ አብሮ ይሰረዛል። በአስጋሪና በርክክብ መካከል ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው። አንድ አስጋሪ ከማኅበሩ ሲወጣ ያስረከበው አሣና የተከፈለው ገንዘብ ከመዝገቡ ሊጠፋ አይገባም፤ ሁኔታውን የሚገልጽ ዓምድ ጨምሮ «ከአባልነት የወጣ» ብሎ መመዝገብ፣ ዳታቤዙም ርክክብ ያለውን አስጋሪ መሰረዝን እንዲከለክል ማድረግ ያስፈልጋል።