2147483647፦ በ31 አንዶች የሚጻፈው ብቸኛ ቁጥር

2147483647 በአስርዮሽ ሲታይ ሥርዓት የሌለው የአሃዞች ክምር ይመስላል። በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0ና በ1 ብቻ ሲጻፍ ግን 31 አንዶች ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ 2³¹ − 1 ነው። አስገራሚ ጠባዮቹ በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ቅርጽ ነው።

ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው። ይህን በተራው መንገድ ለማረጋገጥ እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 46340 ያሉትን ከ4000 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። የሒሳብ ሊቁ ሌናርድ ኦይለር በ1772 ያረጋገጠው ሥራውን በሁለት ማጣሪያ አሳጥሮ ነው። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ፣ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ62 (2 × 31) ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል። ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። ከ1 በላይ እስከ 46340 እነዚህ 373 ናቸው። 63ና 249ን የመሳሰሉት ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ፤ መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው። ከቀሩት አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም። በወረቀትና በቀለም ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ እጅግ የሚያምር ቁጠባ ነው።

ርቢው (እዚህ 31) ብቸኛ ስለሆነ ብቻ ውጤቱም ብቸኛ ይሆናል ማለት ግን የተለመደ ስህተት ነው፤ 2¹¹ − 1 = 2047 = 23 × 89።

ቁጥሩ በ2³⁰ ሲባዛ 2305843008139952128 ይሰጣል። ይህ ፍጹም ቁጥር ነው፤ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን መልሰው ይሰጣሉ።

በኮምፒውተር፣ ምልክት (+ ወይም −) ያለው ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር፣ ማለትም በ32 የ0ና የ1 ቦታዎች (ቢቶች) የሚያዝ ሙሉ ቁጥር፣ አንዱን ቢት ለምልክቱ ሲያውል 31 ይቀሩታል፤ ስለዚህ ጣሪያው ይኸው ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 1 ሲደመርበት ወደ −2147483648 ይገለበጣል። የሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን አማካይ በ(ሀ + ለ) ÷ 2 ማስላት የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ሁለቱም አዎንታዊ ሆነው ለ ከሀ ካላነሰ ሀ + (ለ − ሀ) ÷ 2 አደጋውን ያስቀራል። ከ1970 መባቻ ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩ ባለ 32 ቢት ሰዓቶችም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 03:14:07 ላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳሉ። ፕሮግራሙን ወደ 64 ቢት መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው የተቀመጠባቸው የፋይልና የዳታቤዝ መስኮችም መስፋት አለባቸው።

ቁጥሩ የዘፈቀደ ቁጥር ለማመንጨትም ያገለግላል። የያዙትን ቁጥር በ16807 አባዝቶ ለ2147483647 ሲካፈል የሚቀረው ቀጣዩ ይሆናል። ዑደቱ ሳይደገም ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ያዳርሳል። መነሻው 0 ከሆነ ግን ሁሌም 0 ነው። ብዜቱ 32 ቢት ስለማይበቃው በ64 ቢት ይያዝ። ማካፈልም አያሻም፦ 2³¹ ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ የብዜቱን የታችኞቹን 31 ቢቶች ከላይኞቹ ጋር ደምሮ፣ ድምሩ ጣሪያውን ካለፈ 2147483647ን አንዴ መቀነስ ይበቃል። ለይለፍ ቃልና ለምስጢር ቁልፍ ግን አይሁን፤ አንዱን ቁጥር ያወቀ ሰው ተከታዮቹን ሁሉ ያሰላቸዋል።