የውክልና ጦርነት ምንድን ነው?

የእባብን ጉድጓድ በሰው እጅ መለካት ነው። አንድ መንግሥት የራሱን ሠራዊት ሳያዘምት፣ ሌላ አገር ውስጥ ለሚዋጋ ወገን መሣሪያ፣ ገንዘብና መረጃ ያቀብላል። ተቀናቃኙ መንግሥት ደግሞ ሌላኛውን ወገን ይይዛል።

ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን የቀድሞውን የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉን ደብረ ማርቆስ መልሶ በአርበኞቹ ላይ ሊያስነሳቸው ሞከረ። እንግሊዝ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴን ጥር 12 ቀን ከሱዳን በኦሜድላ አስገባች። ሁለቱ መንግሥታት ራሳቸውም ይዋጉ ስለነበር በትክክል የውክልና ጦርነት አይባልም። ባንዳና አርበኛ ሆኖ የተጋደለው ግን ያው የአንድ አገር ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ የነበረው ቁርጥ ያለው ምሳሌ ነው፤ ካርቱም ለሻዕቢያና ለሕወሓት በሯን ስትከፍት፣ አዲስ አበባ ለደቡብ ሱዳኑ አማፂ መሪ ለጆን ጋራንግ ጦር መጠለያ ሰጠች።

አሁን ሱዳን ነች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በጄኔራል አልቡርሃን የሚመራው የአገሪቱ ጦርና የጄኔራል ሄሜቲ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ካርቱም ላይ ተታኮሱ። ጠቡ የራሳቸው ነው። ፈጥኖ ደራሹ መቼ ወደ ጦሩ ይጠቃለል፣ በማን ይታዘዝ በሚለው አልተስማሙም። እሳቱ እንዳይጠፋ ያደረገው ግን ከውጭ የሚገባው ነው። ግብፅ ከጦሩ ጎን ቆማለች። ከሰከላ የሚነሳው ዓባይ በካርቱም በኩል ነው የሚደርሳትና እዚያ ወዳጅ መንግሥት ትፈልጋለች። ኤምሬትስ በቻድ አምጀራስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ፈጥኖ ደራሹን ታስታጥቃለች ተብላ ትከሰሳለች። እሷ ትክዳለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ግን ክሱን ተአማኒ ብለውታል።

ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ጥይት ያለቀበት ተዋጊ ለድርድር ይቀመጣል። ጥይት የሚላክለት ግን ቢሸነፍም ነገ ይነሳል። ስለዚህ ማንም አያሸንፍም፣ ማንም አይታረቅም። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ሰሊጥ ለማረም መተማን አልፎ እስከ ገዳሪፍ ይወርድ የነበረው የእኛ የቀን ሠራተኛም እንጀራው ተዘግቶበታል።

መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ፣ ሳዑዲ፣ ግብፅና ኤምሬትስ በአንድ መግለጫ የሦስት ወር የሰብአዊ ተኩስ አቁም እንዲደረግ፣ የውጭ ወታደራዊ ድጋፍም እንዲቆም ጠየቁ። አስታራቂ ሆነው ከቀረቡት መካከል ግብፅና ኤምሬትስ እነዚያው ደጋፊ የሚባሉት መሆናቸውን ልብ በሉ። በቀጣዩ ወር፣ ጥቅምት 16፣ የዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሽር በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገባች።