ከሳንባ ደም ቧንቧ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ሕክምና ምንድን ነው?

ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ተኛ፣ አትድከም» የሚል ቃል ነው። ውሃ እንኳ ተነስቶ እንዳይቀዳ ይከለከላል። ከፍቅር የመጣ ነው። ግን የሳንባ ደም ቧንቧው ለተጠረገለት ሰው ይህ ፍቅር ሊጎዳው ይችላል። ለእሱ መንቀሳቀስ ራሱ ሕክምና ነው። እንደ መድኃኒት መጠን አለው፣ የሚያዘውና የሚከታተለው ባለሙያም አለው።

ቀዶ ጥገናው ለምን እንደሚደረግ እንይ። እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሟሟለታል። ጥቂቶች ላይ ግን የረጋው ደም የቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። መንገዱ ሲጠብ በሳንባ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ይጨምራል። ደም ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍልም ከአቅሙ በላይ ይለፋል። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ሰውየው የሚያውቀው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነው። ብዙ ጊዜ አስም ነው እየተባለ ወይም በውፍረት እየተመካኘ ይቆያል።

ፐልሞናሪ ኢንዳርተሬክቶሚ የሚባለው ቀዶ ጥገና ይህን ጠባሳ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጋር ልጦ ያወጣል። ደረት ይከፈታል፣ የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል። ሰውነት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ ውስጡን በግልጽ እንዲያይም የደም ዝውውሩ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ይቆማል። በአሜሪካ የሳንዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ኬምብሪጅ ያለው ፓፕዎርዝ ሆስፒታል በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ቧንቧው ከተከፈተ ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ ነገር። የልብ ቀኝ ክፍል ወደ መጠኑ ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። የእግር ጡንቻዎች ሰውየው ትንፋሹን እየፈራ በተቀመጠባቸው ዓመታት ሟሽሸዋል። ፍርሃቱም ራሱ አለ። ሲራመድ መተንፈስ ያቅተው የነበረ ሰው ልቡ ቶሎ ቶሎ ሲመታ «ያው በሽታው ተመለሰ» ብሎ ይቀመጣል። ይህን ፍርሃት የሚያስለቅቀው እየለኩ መራመድ ነው፤ ምክር ብቻውን አይበቃም።

በፊት ሐኪሞችም የሳንባ የደም ግፊት ያለበት ሰው ስፖርት እንዳይሠራ ይመክሩ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከቀየሩት ጥናቶች አንዱ በ2006 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ሃይደልበርግ፣ ከፕሮፌሰር ኤከሃርድ ግሩኒግ ቡድን የወጣው ነው። 30 ከባድ ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ፣ ቀጥሎ 12 ሳምንት ቤታቸው ሆነው ሠሩ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ 96 ሜትር ጨመረ። ያልሠሩት ግን 15 ሜትር ቀነሰባቸው። መድኃኒታቸው ሳይቀየር ነው ይህ የሆነው። ቡድኑ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ቀዶ ጥገናው ከተደረገላቸው ሰዎች ጋር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞክሮታል።

ሥራው የሚጀምረው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ተነስቶ ጠርዙ ላይ መቀመጥ፣ በረዥሙ መተንፈስ፣ ትራስ ደረት ላይ ደግፎ ማሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲስ ደም የሚያገኘው የሳንባ ክፍል ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል ኦክስጅን በጥብቅ ይታያል። ከዚያ ኮሪደር ላይ መራመድ ይመጣል። ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፦ ግማሽ ደቂቃ በቀላሉ፣ አንድ ደቂቃ ትንሽ ጠንከር አድርጎ፣ እንደገና በቀላሉ። ይህ መቆራረጥ ልብን ሳያስጨንቅ እግርን ያሠራል። በሃይደልበርጉ ጥናት የልብ ምት በደቂቃ ከ120 እንዳያልፍ፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ከ85 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠበቅ ነበር። የሚነሳው ክብደት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ብቻ ነው፤ ጂም ቤት የሚያውቅ ሰው ይንቀዋል፣ ግን ለዚህ ሰው በቂ ነው። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ድረስ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋት የለም። የልጅ ልጅን መሸከምም እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ምንም ቢያሳዝን።

ቤት ሲገባ ልኩ ቀላል ነው፦ እየተራመደ ማውራት መቻል አለበት። ቃል ከተቆራረጠበት ይቀንስ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ይበልጥ ይታሰብበት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቀጭን ነው። ቆላ አገር ታክሞ የተመለሰ ሰው እዚያ ያስለመደውን ፍጥነት ወዲያው እዚህ አይጠብቅ።

ደም ማቅጠኛው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ስለዚህ መውደቅና መጋጨት ያለበት ስፖርት ይቅር፤ እግር ኳስም ቢሆን። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጎመኑን ያስተውል። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን፣ ሲፈታ ጭራሽ አለመንካት የደም ምርመራውን ያናጋዋል። ጎመን አልተከለከለም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ አዲስ የእግር እብጠት፣ የማይቆም ደም፣ የደረት አጥንት ሲንቀሳቀስ ቀጭ የሚል ስሜት ካለ እንቅስቃሴው ወዲያው ቆሞ ሐኪም ጋ ይኬዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ግፊቱ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ያኔ እንደ ሪዮሲጓት ያለ የሳንባን ደም ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ይጨመራል፣ ወይም ጠባብ ቧንቧዎች ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ (ባሉን) ይከፈታሉ። የእንቅስቃሴው መጠንም በስድስት ደቂቃው የእግር ጉዞ እንደገና ተለክቶ ይታዘዛል።