የዓረብ ኡድ ድምፁን ከየት ያመጣዋል?

ኡድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሽቶው ነው፤ ከገልፍ የተመለሰ ዘመድ ይዞት የሚመጣው። ቃሉ በዓረብኛ እንጨት ማለት ነው፤ ሽቶውም የሙዚቃ መሣሪያውም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። እዚህ የማወራው ስለ መሣሪያው ነው። እሱም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ሲመታ የኖረ ነው፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም ኡድ ተጫዋች ነበር።

ኡድ ለሁለት የተገመሰ ትልቅ ቅል ይመስላል። አንገቱ አጭር ነው፣ መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ ደግሞ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ክሮቹ ብዙውን ጊዜ 11 ናቸው፤ አስሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጠራሉ፣ አንዱ ወፍራም ክር ብቻውን ይቀራል። እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የተደረደረ ብረት የለውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዓረቦች መቃም በሚሉት (እኛ ቅኝት እንደምንለው ያለ ነው) ከፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉ። ራስት የተባለውን መቃም ስትሰሙ ሦስተኛው ድምፅ ደስታም ሐዘንም ሳይሆን መሃል ላይ ይቆማል። ያንን ቦታ የሚያገኘው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው።

ግን ይሄ የቱርኩንም ኡድ ይመለከታል። ታዲያ የዓረቡን ምን ይለየዋል?

መጀመሪያ ርዝመቱ። የዓረብ ኡድ ክር የሚርገበገበው ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የቱርኩ 58 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። ሆዱም ሰፋ ይላል፣ ሲቃኝም ከቱርኩ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቱርኩ ጥርት ብሎ ሲጮህ የዓረቡ ከደረት የሚወጣ፣ ሞቅ ያለና ጥልቅ ድምፅ ይሰጣል።

ሁለተኛው ፊቱ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማስበልጠው ይሄንን ነው። ገዢዎች ስለ ጀርባው እንጨት አብዝተው ይጠይቃሉ፣ ዋልነት ነው ማሆጋኒ ነው እያሉ። ድምፁን በዋናነት የሚወልደው ግን ከፊት ያለው ገበታ ነው፤ ከስፕሩስ ወይም ከሴዳር የሚሠራ፣ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሊሆን የሚችል ስስ እንጨት። ከሥሩ ቀጫጭን ዘንጎች አግድም ይለጠፋሉ። ባለሙያው ፊቱን በጣቱ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ዘንጉን ትንሽ ይልጋል፣ እንደገና ያንኳኳል። ካወፈረው ድምፁ ይታፈናል። ካሳሳው ክሮቹ ሲወጠሩ ፊቱ ይሰምጣል። በፋብሪካ የተሠራ ርካሽ ኡድ ብዙ ጊዜ የሚያጣው ይሄንን ትዕግሥት ነው፤ እንዳይሰበር ተብሎ ይወፍራል፣ ከዚያ ምንም ያህል በዕንቁ ቅርፊት ቢያጌጥ አፉ አይከፈትም።

ጀርባው የሚሠራው ከስስ የእንጨት ቅንጣቢዎች ነው፤ 15ም 21ም ሊሆኑ ይችላሉ። ቅንጣቢው ውኃ ይነካና በጋለ ብረት ላይ ቀስ እየተባለ ይጎብጣል፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫው ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ይጣበቃል። ያለቀውን ስታነሱት ክብደት የለውም ማለት ይቻላል።

በዚህ ሥራ የደማስቆውን የነሐት ቤተሰብ የሚያህል ስም ያለው ጥቂት ነው። ስማቸው ራሱ ጠራቢ ማለት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሠሯቸው ኡዶች እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ፣ ሠሪዎችም ልካቸውን እየወሰዱ ይቀዷቸዋል። በእ.ኤ.አ. 2022 ዩኔስኮ የሶርያንና የኢራንን የኡድ አሠራርና አጨዋወት በቅርስነት መዝግቧል።

ባግዳድ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። መሐመድ ፋድል ለታዋቂው ኡድ ተጫዋች ሙኒር በሺር (1930–1997 እ.ኤ.አ.) የሠራው ዓይነት ኡድ ክሮቹ ፊቱ ላይ አይታሰሩም፤ ከፊቱ ላይ በቆመ እንጨት አልፈው ከሆዱ ጫፍ ይያዛሉ። ድምፁ የጠራ ነው፣ ቶሎም አይጠፋም። የካይሮውን ለስላሳ ድምፅ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ይገረማል። ይሄም ያው የዓረብ ኡድ ነው፣ እና «ትክክለኛው የዓረብ ድምፅ አንድ ነው» የሚሉ ሰዎች ሁለቱን አስከትለው ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

መምቻውም አይረሳ። ሪሻ ይሉታል፣ ላባ ማለት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከባግዳድ ወደ ኮርዶባ (የዛሬዋ ስፔን) የሄደው ሙዚቀኛ ዚርያብ በእንጨት መምቻው ፈንታ የንስር ላባ እንዳስገባ ይነገራል። ዛሬ ከቀንድ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ረጅምና ተለማጭ ሆኖ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ የተጫዋቹ እጅ አንጓው ላይ ላላ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በትንሿ የጊታር መምቻ ከመታችሁት ግን ደማስቆ የተሠራው ኡድ ሳይቀር ጊታር ጊታር ይላል።