ስለ ኳስና ስለ አሜሪካ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቅዳሜ ጠዋት በሜሪላንድዋ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ካፌዎች አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። እረፍት ሳይወጡ አንድ ሰው ሳይለው የማይቀር ነገር አለ፦ «እነዚህ አሜሪካኖች እኮ ኳስ አይገባቸውም!» ሌላው ይቀበላል፦ «ሜሲ ባይመጣላቸው ማን ያያቸው ነበር?» ሦስተኛው ደግሞ በተቃራኒው ይነሳና «ቆዩ ብቻ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ፉትቦላቸውን ይበልጠዋል» ይላል። ይህን ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ፤ ብዙውንም ራሴ ብዬዋለሁ። ልጄ እዚህ አገር ኳስ መጫወት ስትጀምር ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ ከምንለው ውስጥ አብዛኛው እውነት ሆኖ አላገኘሁትም።

ለመግባባት ያህል፣ ከዚህ በታች «ኳስ» ስል የኛውን ማለቴ ነው። የራስ ቁር አድርገው የሚላተሙበትን «ፉትቦል» እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኳስ ለአሜሪካ አዲስ ነገር ነው»

የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1930 ኡራጓይ ላይ ሲካሄድ አሜሪካ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያውን ሀትሪክ (በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል) የሠራውም አሜሪካዊ ነው። በርት ፓተኖድ ይባላል፤ የማሳቹሴትስዋ የፎል ሪቨር ከተማ ልጅ ነው፤ ሦስቱንም ያገባው ፓራጓይ ላይ ነው። ፊፋ ይህን ያጸደቀለት በ2006 ነው፣ ከስንት ዘመን በኋላ።

ፎል ሪቨር የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ከእንግሊዝና ከፖርቱጋል ለሥራ የመጡ ሰዎች ኳሱንም ይዘውት መጡ። በ1921 የተመሠረተው የአሜሪካ ሶከር ሊግ እንደ ቤተልሔም ስቲል ያሉ የፋብሪካ ቡድኖች የሚጫወቱበት ነበር፤ ስኮትላንዳውያን ተጫዋቾች የተሻለ ደሞዝ ፍለጋ አትላንቲክን እየተሻገሩ ይመጡ ነበር። ያንን ሊግ የገደለው ከፌዴሬሽኑ ጋር የገባው ጠብና በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። የተመልካች ጥላቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1950 ብራዚል ውስጥ፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ፣ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሉን ያገባው ጆ ጌትጀንስ የሄይቲ ተወላጅ ነው። ኒውዮርክ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት እየተማረ ሬስቶራንት ውስጥ ሰሃን ያጥብ ነበር። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማታ ማታ አብረውኝ ሰሃን ያጠቡ ልጆች ፊታቸው ይመጣብኛል። በዚህ አገር ኳስ የስደተኛ ጨዋታ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ ከጥንትም ነው።

«ሶከር የሚለውን ቃል አሜሪካኖች ናቸው የፈጠሩት»

ቃሉ የእንግሊዞች ነው። በ1880ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ራግቢን «ራገር» ሲሉ፣ «አሶሲዬሽን ፉትቦል» የሚባለውን ደግሞ «አሶክ» ከሚለው መሐል ቆርጠው «ሶከር» አሉት። እንግሊዞችም ራሳቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጠቅመውበታል።

«ጎል ስለሚያንስ ይሰለቻቸዋል»

የፉትቦል ውጤት 21 ለ 14 ሲባል ብዙ የተቆጠረ ይመስላል። አንድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን መጨረሻ መስመር ማለፍ፣ ስድስት ነጥብ ነው፤ ተከትሎት የሚመታው ሲጨመር ሰባት ይሆናል። ስለዚህ 21 ለ 14 በኛ አቆጣጠር 3 ለ 2 ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ከሚፈጀው ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ኳሷ በእንቅስቃሴ ላይ የምትሆነው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በኛ ኳስ ከ90 ደቂቃው ከግማሽ በላዩ ንጹሕ ጨዋታ ነው። ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ተመልካች 0 ለ 0 ስላየ አይሸሽም።

የጎሉን ጉዳይ ደጋግመን ስናነሳ ዋናውን ነገር እንስተዋለን፤ እሱም ማስታወቂያ ነው። ፉትቦል በየደቂቃው ይቆማል፤ ሲቆም ማስታወቂያ ይገባል፤ ቴሌቪዥኑ የሚኖረው በዚያ ነው። ኳስ ግን በልማዱ 45 ደቂቃ ሙሉ ለማስታወቂያ አይቆምም። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ የአሜሪካ ጣቢያዎች ጨዋታውን ሳያቋርጡ የአስተዋዋቂውን ምልክት ከሰዓቱ አጠገብ ማሳየት ሲጀምሩ ችግሩ መፈታት ጀመረ።

«በቅርቡ ፉትቦልን ይበልጠዋል»

ደስ የሚል ሕልም ነው፤ ቁጥሩ ግን አያግዘንም። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ድርጅት ጋሉፕ በ2023 መጨረሻ አሜሪካውያንን «ማየት የምትወዱት ስፖርት የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ 41 በመቶው ፉትቦል አሉ። ቤዝቦል 10፣ ቅርጫት ኳስ 9፣ ኳስ 5 በመቶ አገኙ። በ2025 የተካሄደውን የፉትቦል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሜሪካ ውስጥ ከ127 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። አርጀንቲናና ፈረንሳይ የተገናኙበትን የ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እዚሁ አገር በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ያየው ተደምሮ 26 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ስታዲየም ስንገባ ሥዕሉ ትንሽ ይለወጣል። በ2024 የአሜሪካ ዋናው የኳስ ሊግ፣ የሜጀር ሊግ ሶከር፣ አማካይ ተመልካች 23 ሺህ ገደማ ነበር። ይህ ከቅርጫት ኳሱም ከበረዶ ሆኪውም ሊግ ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር ግን እነዚያ ሁለቱ የሚጫወቱት ጣሪያ ባለው አዳራሽ ነው፤ ከ20 ሺህ ብዙ የማይበልጥ ሰው ነው የሚይዘው፤ በሜዳቸውም በዓመት 41 ጊዜ ገደማ ይጫወታሉ። ስለዚህ «ኳስ ቅርጫት ኳስን በለጠ» ማለት አያስኬድም።

ያም ሆኖ ደረጃው የድንጋይ ላይ ጽሑፍ አይደለም። በ1948 ጋሉፕ ያንኑ ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው ቤዝቦል ነበር፣ 39 በመቶ። በ2023 ግን 10 ላይ ወርዶ ነበር። ለውጡ ግን የብዙ አሥርት ዓመታት ነገር ነው፤ አሥር ዓመት አይበቃውም።

«ሜሲ ነው ያመጣው»

አርጀንቲናዊው ሜሲ በዚሁ ሊግ የሚጫወተው ክለብ ኢንተር ማያሚ የገባው በሐምሌ 2023 ነው። ከዚያ በፊት፣ በግንቦት፣ የሳን ዲዬጎ ባለሀብቶች ሊጉን ለመቀላቀል 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ነበር። ቶሮንቶ በ2007 ሲገባ የከፈለው 10 ሚሊዮን ነበር። ያን ያህል ዋጋ የጨመረው እንግዲህ ሜሲ ከመምጣቱ በፊት ነው። በ2018 አትላንታ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሲያደርግ ስታዲየሙ ውስጥ 73,019 ሰው ነበር። ያኔ ሜሲ ባርሴሎና ነው።

መነሻው የ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ነው። አሜሪካ አዘጋጅነቱን ያገኘችው ፕሮፌሽናል ሊግ አቋቁማለሁ ብላ ነው። 24 ቡድኖች 52 ጨዋታ አደረጉ፤ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ገባ፤ በአማካይ ለአንድ ጨዋታ ወደ 69 ሺህ። ሊጉ በ1996 በ10 ክለቦች ተጀመረ። ከ2001 የውድድር ዘመን በኋላ ሁለት ክለቦች ተዘጉ፣ ሊጉም አብሮ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። በ2025 ክለቦቹ 30 ደርሰዋል።

በመሐሉ የተሠራው ሥራ ዓይን አይስብም። ኮሎምበስ በ1999 ለኳስ ተብሎ የተሠራ የራሱን ስታዲየም ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በፉትቦል ሜዳ ተከራይቶ ባዶ ወንበር ፊት ከመጫወት ተገላገሉ። ይህን ትምህርት ያገኙት ከፔሌ ዘመን ነው። ብራዚላዊው ፔሌ በ1975 ኒውዮርክ ኮስሞስ የሚባል ክለብ ገባ፤ በ1977 አንድ ጨዋታ 77,691 ሰው አየው፤ ያኔ የነበረው ሊግ ግን ሳይታሰብበት ተስፋፍቶ 24 ቡድን ከደረሰ በኋላ ከ1984 አላለፈም። ሜሲ የመጣው መሠረቱ ከተጣለለት ቤት ነው፤ ፔሌ ያንን አላገኘም።

«ሊጋቸው የጡረተኞች መጦሪያ ነው»

በፊት እውነትነት ነበረው፤ አሁንም የሚመጡ አንጋፎች አሉ። ግን አልፎንሶ ዴቪስን አስታውሱ። ጋና ውስጥ ከላይቤርያ ስደተኞች በመጠለያ ጣቢያ የተወለደ ልጅ ነው፤ በዚሁ ሊግ በሚጫወተው በካናዳው የቫንኩቨር ክለብ አደገ፤ በ2018 ለባየርን ሙኒክ ተሸጠ፤ በ2020 የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። ሚጌል አልሚሮን ከአትላንታ ወደ እንግሊዙ ኒውካስል፣ ታይለር አዳምስ ከኒውዮርክ ወደ ጀርመኑ ላይፕዚሽ ሄደዋል። የሊጉን ድክመት ለመንቀፍ ከፈለጋችሁ የምትነቅፉት ሌላ ነገር አለ፤ ወራጅ የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው፤ ለኔ ይህ የውድድር ዘመኑን ግማሽ ጣዕም ይወስድበታል።

«የሴት ጨዋታ ነው ብለው ስለናቁት ነው ያላደገው»

ይህኛውን ስሰማ ያመኛል፤ ምክንያቱም የተገላቢጦሹ ነው እውነቱ። በ1972 «ታይትል ናይን» የሚባል ሕግ ወጣ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ አያዳላም፣ ስፖርትንም ጨምሮ። ዩኒቨርሲቲዎች በፉትቦል ቡድናቸው ብዙ ወንዶችን በነጻ ያስተምራሉ፤ ያንን ለማመጣጠን ብዙ ሴቶችን የሚይዝና ብዙ የማያስወጣ ስፖርት አስፈለጋቸው። ኳስ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ሜዳና ሁለት ጎል ብቻ ነው የሚፈልገው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ሴቶችን ከክለብ ሜዳዎች ለሃምሳ ዓመት ያህል ስትከለክል ቆይታ መፍቀዷ ገና ነበር። ብራዚል እስከ 1979 በሕግ አግዳ ቆይታለች። አሜሪካ ግን ሴቶቹን አሠለጠነች፤ በ1991 የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ወሰደች፤ ከዚያ በ1999፣ በ2015 እና በ2019 ደገመች። የ1999ኙን ፍጻሜ ፓሳዴና ላይ 90,185 ሰው ገብቶ አየው። በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያለቀው። ዛሬ ሜዳ ዳር ታጣፊ ወንበር ዘርግተው የሚጮኹት እናቶች ብዙዎቹ ያኔ ተማሪ ነበሩ። ከጨዋታ በኋላ ከልጄ ቡድን እናቶች ጋር ሳወራ «ከጨዋታ ውጭ» የሚባለውን ሕግ ከኔ በተሻለ የሚያስረዱ አሉ፤ ራሳቸው ተጫውተውታል።

«የሚጎድላቸው ፍቅር ነው»

የሚጎድለው ፍቅር ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ነው፤ እኛንም የሚነካን እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን ነው ያደግነው። የሚችል ይገባል፤ የማይችል በረኛ ይሆናል። እዚህ በደህና ደረጃ መጫወት የፈለገ ልጅ ክለብ ይገባል፤ ክለብ ደግሞ ይከፈልበታል። ልጄ ተፈትና ያለፈችበት ክለብ ለአንድ ዓመት የጠየቀን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ማሊያው፣ ታኬታው፣ ሌላ ከተማ ሲሄዱ የሚታደርበት ሆቴል ሳይቆጠር። ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ የሚጫወተው ልጅ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ይሸከመዋል። ዓለም ላይ የድሃ ጨዋታ የሆነው ኳስ አሜሪካ ሲደርስ ደህና ገቢ ያለው ቤተሰብ ጨዋታ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከፎቃችን ሥር የሚኖር የአንድ ሾፌር ልጅ አለ። ማታ ማታ ፓርኪንጉ ውስጥ ኳሷን ከግድግዳ ጋር ይቀባበላታል፤ በግራ እግሩ፣ ሳትወድቅ፣ ሰላሳ፣ አርባ ጊዜ። አባቱ «በበጋ የኛዎቹ ሲሰበሰቡ ይጫወታል፣ ይበቃዋል» ይለኝ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ አራት ሰሞን የሚያዘጋጀውን ውድድር ማለቱ ነው። ያ በዓል ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጠፋፋ የሚገናኝበት ነው። ግን ሳምንት ነው፤ ልጅ የሚያድገው ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም ከሜሪላንድ ሜዳዎች ተነስቶ አርሰናል ደርሷል፤ በ2015ም ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በዓለም ዋንጫ ተሰልፏል። ዓመቱን ሙሉ የሚያሠለጥነው ባያገኝ ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ብዙ ወላጅ የማይጠይቀው ነገር አለ። አብዛኞቹ ክለቦች ለሚቸገር ቤተሰብ የክፍያ ድጋፍ አላቸው። ፈተናው ብዙ ቦታ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሆነ ቅጹን ከዚያ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ የግብር ወረቀትና የደሞዝ ማስረጃ ይፈልጋሉ። የኛ ሰው ይህን እንደ ልመና ስለሚያየው ዝም ይላል። ሾፌሩንም ያስቆመው ያው ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ቅጹን አብረን ሞላነው፤ እናቱ ቡና አፈላች፤ ልጁ በር ላይ ቆሞ ያያል። ከክፍያው አብዛኛው ተነሳለት።

አሁን በግራ መስመር ይጫወታል።