“ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል”፦ ስለ ክርስቲያናዊ ታማኝነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ክርስትና ከቤት ይጀምራል። ልጁ በአርባ ቀኑ፣ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ይጠመቃሉ። ጾሙን ከእናት፣ መሳለሙን ከአያት እየተማሩ ያድጋሉ። ስለዚህ “ነገ እምነቴን እተዋለሁ” ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙም አታገኙም። ግን ገበያ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ብዙዎቻችን ከሕሊናችን ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆረስን እንሰጣለን። ለዚህም የሚያጽናኑን አባባሎች አሉን። ከሁሉም የሚያሳስቡኝን ላንሳ።

“እምነትን መካድ ማለት ክርስቶስን አላውቀውም ማለት ነው”

የፍቼውን ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስን እናስታውስ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያኖች በጥይት ተገደሉ። የተጠየቁት ክርስቶስን እንዲክዱ አልነበረም። የወራሪውን አገዛዝ እንዲቀበሉና አርበኞችን እንዲያወግዙ ነበር። መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ቅዳሴያቸውን እየቀደሱ፣ አንድ ያላመኑበትን ቃል ብቻ እንዲናገሩ። እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

የእኛም ፈተና የሚመጣው በዚሁ መልክ ነው፤ ያውም ጠመንጃ ሳይደገንብን። ጎረቤት የመሬት ክርክር አለበት። “አይቻለሁ ብለህ መስክርልኝ፣ ለኔ ስትል” ይላል። የተለመነው ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ይምላል፣ ያላየውን አየሁ ይላል፣ በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ያስቀድሳል። በአፉ ማንንም አልካደም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ ግን እግዚአብሔርን እናውቃለን እያሉ “በሥራቸው ይክዱታል” ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ያ ምስክር ከእነሱ በምን ይለያል?

“ትንሽ ናት”

የምንጃር ነጭ ጤፍ ስሙ የታወቀ ነው። ስሙ ስለታወቀም ከሌላ ጤፍ ጋር ቀላቅሎ “የምንጃር ማኛ ነው” ብሎ መሸጥ ያጓጓል። ቅቤም ላይ፣ በርበሬም ላይ እንዲሁ። ገዢው አዲስ አበባ ወስዶ ነው የሚያየው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ። ማን ተመልሶ ይጠይቃል?

አባቶቻችን ለዚህ “በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ” የሚለውን ተረት ትተውልናል። በሬ ሰርቆ ሊሰቀል የተወሰደው ልጅ ለእናቱ ያለው ነው። ትንሿ ነገር ክፋቷ በዋጋዋ አይደለም፤ እጅ ታስለምዳለች። መጽሐፈ ምሳሌም አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ሲል ስንት ግራም እንደጎደለ አይጠይቅም።

“ሁሉም ያደርገዋል፣ ያውም ለልጆቼ ስል ነው”

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ እውነት ይመስላል።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚል አባባል አለን። ስንቱን ሰው እንዳበላሸ እግዚአብሔር ይወቀው። ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ፣ ዘይት፣ የልጆች ደብተር። ችግሩ የፈጠራ አይደለም። ግን “የሻይ” ተብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ከየት መጣ? ከመንዝ በግ ሸጦ፣ ለሊት ተነስቶ፣ ለአንድ ማኅተም ከመጣው ገበሬ ኪስ ነው። የእሱም ልጆች ደብተር ይፈልጋሉ።

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ቀራጮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው “ምን እናድርግ?” አሉት። በዚያ ዘመን ቀራጭነት በሕዝቡ ዘንድ የተጠላ ሥራ ነበር። ዮሐንስ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ “ደመወዛችሁም ይብቃችሁ” አላቸው። ቢሮ ያለ ክርስቲያን ታማኝ ለመሆን ገዳም መግባት የለበትም። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ በዚያው ደመወዝ፣ ፋይሉን በተራው ማየት ነው የሚጠበቅበት።

ተገዶ የሚከፍለውስ? የሚጠይቀውና ተጨንቆ የሚሰጠው እኩል በደለኞች ናቸው አልልም። ሆኖም “ካልሰጠሁ አይሆንልኝም” ለሚል ሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 መልስ አለው። ገዢው ፊልክስ ጳውሎስን ደጋግሞ ያስጠራው ነበር፤ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ስላደረገ። ጳውሎስ አልሰጠም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቂሣርያ ታስሮ ቆየ፤ ፊልክስ ተቀይሮ ሲሄድም አልተፈታም። “ታማኝ ከሆንክ ጉዳይህ ቶሎ ይሳካል” የሚል ስብከት ስሰማ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። ታማኝነት ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ሳንነግራቸው የላክናቸው ወጣቶች መጀመሪያ ፋይላቸው የተጉላላ ቀን ግራ ይገባቸዋል።

ያም ሆኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ወደ ቢሮው ብቻን አለመሄድ፣ ሰው ይዞ መሄድ። የተከፈለ ነገር ካለ ደረሰኝ መጠየቅ። ከዘገየም ቅሬታውን በጽሑፍ ለኃላፊው ማስገባት። ቃል ይረሳል፣ ወረቀት ግን መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

“ታማኝ ሰው በምንም ነገር ሸብረክ አይልም”

ይህ ደግሞ የጠንካሮቹ ስህተት ነው። ዳንኤልን እንደ ግትር ሰው የሚያስቡት ብዙ ናቸው። ምዕራፍ 1ን ብናነብ ግን ብልጣሶር የሚል የባቢሎን ስም ተሰጥቶታል፣ የከለዳውያንን ትምህርት ተምሯል፣ የንጉሡ ቤት ውስጥ አገልግሏል። እምቢ ያለው የንጉሡን መብልና ወይን ነው። እሱንም ቢሆን አልጮኸም፤ አለቃውን በትሕትና የአሥር ቀን ሙከራ ለመነው።

ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ በአካባቢው ባሉ አይሁድ መካከል ለማገልገል። ቲቶ እንዲገረዝ ሲፈለግ ግን ጳውሎስ አልተቀበለም፤ ምክንያቱም እዚያ ግርዘት የመዳን ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ ቀርቦ ነበር። ድርጊቱ አንድ ነው። በአንዱ ቦታ የራስን ነጻነት ለሌላው ጥቅም መተው ነበር፤ በሌላው ቦታ ወንጌሉን አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር።

ይህን ልዩነት ለመለየት የኛ ሽምግልና ጥሩ ቦታ ይመስለኛል። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣሉ እንበል። ሽማግሌዎቹ “አንተ ታላቅ ነህ፣ ግማሽ ሜትሯን ተውለት” ይላሉ። ቢተውለት እምነቱን አልሸጠም፤ የራሱን መብት ነው ለሰላም የተወው። የተባረከ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ተከራካሪዋ ባሏ የሞተባት ሴት ትሁን፣ ተቃራኒዋ ደግሞ የባሏ ወንድም፣ አቅም ያለው ሰው። ሽማግሌዎቹ “ለሰላም ሲባል” ብለው ከመሬቷ ይቆርሳሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው የተወው የራሱን መብት አይደለም፤ የእሷን ነው። መስቀል ተይዞ፣ “አባታችን ሆይ” ተብሎ ቢደረግም ስሙ እርቅ አይሆንም። በሽምግልና የምትቀመጡ አባቶች፣ እባካችሁ እርቁን ከመመረቃችሁ በፊት “ይህን የምንተወው ከማን ላይ ነው?” ብላችሁ ተጠያየቁ።

በነገራችን ላይ፣ ከይፋት ሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ ሐዘኑን መድረስ፣ ደቦውን ማገዝ እምነትን ማላላት አይደለም። እንዲያ የሚያስተምር ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ።

“አንዴ ከወደቅኩ አበቃልኝ”

ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታ ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ “ትወደኛለህን?” ብሎ ጠየቀው፤ በየመልሱም በጎቹን አደራ ሰጠው። የወደቀ ሰው ይነሣል። ይህን ተስፋ ይዞ “ንስሐ አለ አይደል፣ አሁን ልብላና በኋላ እገባለሁ” የሚል ሰው ግን ጴጥሮስን አይመስልም። ጴጥሮስ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ እንጂ ክህደቱን በቀጠሮ አላደረገውም።

“ጾሜና ስለቴ ይክሰዋል”

ሰባቱን አጽዋማት አንድም ሳያጓድል የሚጾም፣ በየዓመቱ ጻድቃኔ ማርያም ወርዶ ጥላና ጧፍ የሚያስገባ፣ ነገር ግን የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር ሰው አለ። ጾሙን አላቃልልም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ሕዝቡ “ስለ ምን ጾምን፣ አንተም አልተመለከትህም?” ሲሉ እግዚአብሔር የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ አላቸው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ስጦታ ከሠራተኛው የተወሰደውን ለሠራተኛው አይመልስም።

ዘኬዎስ መንገዱን አሳይቶናል። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ አለ። ከዚያ ለይቶ፣ በሐሰት የወሰድኩበት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ምጽዋቱና ካሳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 5ም የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዝ፣ የወሰደውን ሙሉውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት፣ ለበደለውም ሰው ይስጠው ይላል። በዚህ ስሌት 1,000 ብር የወሰደ 1,200 ብር ይመልሳል ማለት ነው።

ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይሰጣል። ማን እንደሆነ ፈጽሞ የማይታወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን በጎደለ ሚዛን የገዛ መንገደኛ፣ ለራስ ከመወሰን ለንስሐ አባት ነግሮ ምክራቸውን መቀበል ይሻላል። ባለቤቱ እያለ ፊቱ መቅረብ ያሳፈረው ሰውም ገንዘቡን በንስሐ አባቱ በኩል ማድረስ ይችላል። ንስሐ አባት ምሥጢር አያወጡም።